ጨረርን በምት በምት መላክ ምኑን ይለውጣል? ከጅማ የተነሣ የውይይት ክር

የጅማ የፊዚክስ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወዳጆች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እስከ 34ኛው ምላሽ ዘልቋል። መሃል ላይ የገቡ ሰዎች ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ስለጠፋባቸው፣ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ፤ ሚዛን የደፋልኝን ወገን አልደብቅም።

መነሻ ጽሑፍ። ክሩን የከፈተችው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምትማር ልጅ ናት። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ሊናክ የሚባለው ማሽን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለው ዓይነት ማለት ነው፣ ኤሌክትሮኖችን ያለማቋረጥ እንደማያፈስስና በምት በምት እንደሚልክ አንብባለች። አንዱ ምት 4 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ቢቆይና በሰከንድ 250 ምት ቢኖር፣ ጨረሩ በእያንዳንዱ ሰከንድ ውስጥ በእርግጥ የሚኖረው ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ብቻ እንደሆነ አሰላች። ከዚያ ድምዳሜዋን አስቀመጠች። በእሷ አስተያየት መቆራረጥ የኤሌክትሮኖቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የጨረሩን ጠባይ አይለውጥም፤ አንድ ኤሌክትሮን ከፊቱና ከኋላው ባዶ ጊዜ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ ብላ በትሕትና ዘጋች። እንዲህ ተጠንቶበት የተጻፈ ጥያቄ በመድረካችን ብዙም አይታይም።

ምላሽ 1 የአንድ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ልጅቷን አመስግነው ከእሷ ጋር ተስማሙ። ኤሌክትሮን ኢነርጂውን የሚያገኘው ካለፈበት ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ ያው ከሆነ ጨረሩ ተቆረጠም ቀጠለም እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ይዞት የሚወጣው ኢነርጂ ያው ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው።

ምላሽ 2 ተስማምቶ ቁጥር ጨመረበት። ጸሐፊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆኑን ከአጻጻፉ ታውቃላችሁ። በ6 ሚሊዮን ቮልት በሚሠራ ሊናክ ውስጥ አማካይ ጅረቱ 100 ማይክሮ አምፔር ቢሆን፣ በምቱ ውስጥ ያለው ጅረት ሺህ እጥፍ፣ ማለትም 100 ሚሊ አምፔር ይሆናል። አማካይ ኃይሉ 600 ዋት፣ የምት ውስጥ ኃይሉ ደግሞ 600 ኪሎ ዋት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከልጅቷ ድምዳሜ አንዱን ጎን ለቀቅ አደረገው፦ ማሽኑ በምት የሚሠራው ጨረሩን ለማዳከም ሳይሆን፣ ኤሌክትሮኖቹን የሚያፈጥነው ያን ያህል ብርቱ ማይክሮዌቭ ያለማቋረጥ ቢለቀቅ የመዳብ ክፍሎቹ ሙቀቱን ስለማይችሉት ነው። ማይክሮዌቩን የሚያመነጨው ክፍል በምቱ ውስጥ 3 ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣል፤ አማካዩ ሲሰላ ግን ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ፍጆታ ብዙም የማይርቅ 3 ኪሎ ዋት ይሆናል። ይህን ምላሽ ከሁሉም በላይ ለጀማሪ አንባቢ እመክራለሁ፤ አማካይንና የምት ውስጥ መጠንን ሳይለዩ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር አይቻልም።

ምላሽ 3 የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። መርካቶ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጠፍጣፋው ስክሪን ከመምጣቱ በፊት በየቤቱ የነበረው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን በራሱ የኤሌክትሮን ጨረር ማሽን እንደነበር አስታወሱን። ጨረሩ በሰከንድ 15,625 መስመር ይጽፋል፤ ከእያንዳንዱ መስመር 64 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ለ12 ማይክሮ ሰከንድ ያህል፣ ወደ መነሻው ሲመለስ እንዳይታይ፣ ይቆረጣል። በዚህ መቆረጥ ምክንያት የኤሌክትሮኑ ኢነርጂ ሲለወጥ አላዩም። ነገር ግን ሌላ ነገር አይተዋል። ቮልቴጁን አጽንቶ የሚይዘው ክፍል የደከመበት ቴሌቪዥን ሲመጣላቸው፣ ምስሉ በድንገት ነጭ ሲሆን፣ ለምሳሌ ጥቁር መደብ ላይ ትልቅ ነጭ ጽሑፍ ሲወጣ፣ ሙሉው ምስል ወደ ጎን ያብጥ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዱ፦ ጅረቱ ሲጨምር የ25 ሺህ ቮልቱ ምንጭ ይወድቃል፤ ኤሌክትሮኖቹ ይዘገያሉ፤ የዘገየ ኤሌክትሮን በጠምዛዡ መግነጢስ በቀላሉ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ምስሉ ይሰፋል። የበዙት ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነጥቧም ትወፍራለች። እንግዲህ ጅረቱ በቅጽበት ሲለዋወጥ ኢነርጂው አይነካም ማለት ምንጩ ጽኑ ከሆነ ብቻ ነው አሉ።

እኔ ይህን ሳነብ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊጠናቀቅ ምንም አልቀረውም ብዬ ነበር። በአንድ መስኮት ላይ የታየ እብጠት የምንጭን መውደቅ፣ የፍጥነትን መቀነስና የመገፋፋትን ውጤት በአንድ ላይ ያሳያል።

ምላሽ 4 ጋሼን የድሮ ቴሌቪዥን አሁንም ይጠግኑ እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 5 የእሳቸው መልስ ነበር፤ ዕቃው ስለማይገኝ ካቆሙ ቆይተዋል።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ የማስተርስ ተማሪ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊዚክስ ነው ብሎ ጀመረ። ጨረር በጊዜ ሲጠብ በኢነርጂ መስፋቱ ግድ እንደሆነ፣ ይህም የሃይዘንበርግ ሕግ እንደሆነ፣ ስለዚህ በምት የተላከ ጨረር ንጹሕ ኢነርጂ ሊኖረው እንደማይችል አስረግጦ ጻፈ። ቀደም ብለው የጻፉትን ሰዎች ሁሉ ሳያነቡ የሚያስተምሩ አላቸው።

ምላሽ 7 ክሩን የከፈተችው ልጅ ናት። ስድቡን አልመለሰችም፤ አሰላችው። ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የኢነርጂ ስፋት ለ4 ማይክሮ ሰከንድ ስታወጣው ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አሥር ቢሊዮንኛ ያነሰ ሆነ። የሊናኩ ኤሌክትሮን 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አለው። ሕጉ ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚመዝነው ነገር የለም። ምቱ ወደ አንድ ፌምቶ ሰከንድ (ከሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) ሲወርድ ስፋቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ እንደሚል፣ ወደ አቶ ሰከንድ (የዚያ ሺህኛ) ሲገባ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሮን ቮልት እንደሚሆን ጨመረች። በዚያ ዓለም የማስተርስ ተማሪው ሐሳብ ይሠራል፤ በሆስፒታል ማሽን ግን አይሠራም።

ምላሽ 8 የማስተርስ ተማሪው ነበር፤ መርሁን ነው የተናገርኩት እንጂ ቁጥሩን አይደለም አለ። ምላሽ 9 ጡረተኛው መምህር፤ በትልልቅ ሰዎች ላይ እንደዚያ አይጻፍም ብለው በአጭሩ ገሠጹት። ምላሽ 10 ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን ሰዎች በክብር ስም ስሕተትን ማሳለፋቸውን እንደማይቀበል አከለ። በዚህ በኩል እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 11 የእኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም እየጠራን ስንጨቃጨቅ ነበር። አንደኛው መቁረጥ ነው፦ ቀጣይ ጨረር አለ፤ በሁለት ሰሌዳዎች መሃል በኤሌክትሪክ መስክ ጎን ለጎን ታወዛውዘዋለህ፤ ቀዳዳውን ያገኘው ያልፋል፣ ሌላው ግድግዳ መትቶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አማካይ ጅረቱ ይቀንሳል፤ በምቱ ውስጥ ያለው ጅረት ግን ከመጀመሪያው ቀጣይ ጅረት አይበልጥም። ሁለተኛው መጠቅለል ነው፦ ማንም አይጣልም፤ ቀድሞ የመጣውን ኤሌክትሮን ትንሽ ታዘገየዋለህ፣ ዘግይቶ የመጣውን ትንሽ ታፈጥነዋለህ፤ ጥቂት መንገድ ሲሄዱ የኋላው የፊቱን ይደርስበትና በአንድ ጥቅል ይሰበሰባሉ። በስታንፎርድ በ1937 የቫሪያን ወንድማማቾች የሠሩት፣ ክላይስትሮን የሚባለው የማይክሮዌቭ ቱቦ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አማካይ ጅረቱ አይነካም፤ የጥቅሉ ጅረት ግን ብዙ እጥፍ ይወጣል። ዋጋው በኢነርጂ ይከፈላል፤ ያዘገየኸውና ያፈጠንኸው ከእንግዲህ አንድ ዓይነት ኢነርጂ የላቸውም። በጊዜ ያጠበብኸውን በኢነርጂ ታሰፋዋለህ፤ ይህ የኳንተም ሕግ ሳይሆን የሊዩቪል ሕግ የሚባለው ነው። ከዚህ በላይ ጥቅሉ ውስጥ የታጨቁት ኤሌክትሮኖች ሁሉም አሉታዊ ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ጥቅሉ ወደ ጎንም ወደ ፊትና ወደ ኋላም ያብጣል።

ስለዚህ የልጅቷ ድምዳሜ ለመቁረጥ ይቀርባል፤ ለመጠቅለል ግን ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ሰው ጨረሬ በምት ነው ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት፣ ተጥሎ ነው ወይስ ተጠቅልሎ የሚለውን ይሁን።

ምላሽ 12 በስዊድን ሉንድ ከተማ የሚሠራ የጅማ ልጅ ነው። ሰላምታውን አቅርቦ በቀጥታ ወደ እርማት ገባ፤ መቁረጥም ቢሆን እኔ እንዳልኩት ያህል ንጹሕ አይደለም አለ። ያቀረበው ማስረጃ በክሩ ውስጥ ካለው ሁሉ ለእኔ አዲሱ ነበር። ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው የፕሮቶን ጨረር በቱቦው ውስጥ የቀረውን ጥቂት ጋዝ እየመታ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በፕሮቶኖቹ አዎንታዊነት ይሳቡና ጨረሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ የፕሮቶኖቹንም መገፋፋት አብዛኛውን ክፍል ያረግባሉ። ይህ የሚሆነው ግን ቀስ በቀስ፣ በአሥር ማይክሮ ሰከንዶች በሚቆጠር ጊዜ ነው። ጨረሩን ስትቆርጠው አዲሱ ምት ሲጀምር የሚያረግበው ኤሌክትሮን ገና አልተጠራቀመም። በዚህም የተነሣ የምቱ ግንባር በመገፋፋቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ኋላ የሚመጣው ክፍል ግን ጠበብ ብሎ ይደርሳል። አንድ ምት ውስጥ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያለው ጨረር ይኖራል ማለት ነው። በቀጣይ ጨረር ላይ ያስተካከልኸው የመግነጢስ ሌንስ ለአጭር ምት አይሆንም። ፕሮቶኑ በእርግጥም ከፊቱ ባዶ ጊዜ እንደነበር ያውቃል፤ የሚነግረው ጋዙ ነው።

ከዚህ በኋላ የማፋጠኛውን ሳጥን፣ ማለትም ማይክሮዌቭ የሚታጎርበትን የብረት ክፍል፣ ጉዳይ አነሣ። ምቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ በውስጡ የተጠራቀመውን ኢነርጂ ይወስዳል። የምቱ ግንባር ሙሉውን መስክ ያገኛል፤ ተከታዮቹ ግን ግንባሩ ከበላው የተረፈውን። መሐንዲሶቹ ካላካካሱት በስተቀር የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቅንጣቶች የተለያየ ኢነርጂ ይዘው ይወጣሉ። ጋሼ በቴሌቪዥን ላይ ያዩት የምንጭ መውደቅ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው ብሎ ወደ ምላሽ 3 መለሰን።

ምላሽ 13 ጋሼ ደስ ብሏቸው አመሰገኑ። ምላሽ 14 በጨረር ሕክምና ላይ የምትሠራ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ናት። በሊናክ ውስጥ መቁረጥና መጠቅለል አብረው እንደሚሄዱ ነገረችን። የ4 ማይክሮ ሰከንዱ ምት ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ማይክሮዌቩ ወደ 3 ጊጋኸርዝ ስለሆነ በውስጡ 12,000 ያህል ጥቃቅን ጥቅሎች አሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 333 ፒኮ ሰከንድ ነው። በምቱ 100 ሚሊ አምፔር ቢኖር እያንዳንዱ ጥቅል 200 ሚሊዮን ገደማ ኤሌክትሮኖች ይይዛል። የማፋጠኛው ቱቦ የመጀመሪያ ክፍሎች የሚጠቀልሉ ናቸው፤ የተቀሩት ብርታት የሚሰጡ። መገፋፋቱን በተመለከተ ደግሞ ያስጨንቃል የሚባለው መነሻው ላይ እንደሆነ ገለጸች። ኤሌክትሮኑ በ25 ሺህ ቮልት ገደማ ሲነሣ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት 30 በመቶ ነው፤ መገፋፋቱ ሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ይሠራል። 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ሲደርስ ግን አብረው የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች የሚፈጥሩት መግነጢስ እርስ በርስ ስለሚስባቸው፣ ከመገፋፋቱ የሚተርፈው ከ160 እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው።

ከምላሽ 15 እስከ 19 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲህ ያለ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀ፤ ሌላው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከጅማ ብዙም ሳይርቅ እያለ ሰፈራቸው በሳምንቱ መጨረሻ ጨለማ መዋሉን አማረረ፤ ሦስተኛው የእሱ ሰፈር ደህና ነው ብሎ ተከራከረ። ምላሽ 19 ስለ ጄኔሬተር ዋጋ ነበር። አስተናባሪው ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመነ።

ምላሽ 20 ግን ምንም እንኳ ከርዕሱ የወጣ ቢመስል እንዲነሣ የምደግፈው ነበር። አንዲት ሴት አክስቷ የጨረር ሕክምና ጀምራ በየቀኑ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ጎረቤቶች ጨረሩ ይጋባል ብለው ልጆቻቸውን ከእሷ እንደሚያርቁ ጻፈች። ቡና ሲፈላ እንኳ እንደ ወትሮው የሚጠራት የለም። በምት መላኩ ሰውነቷ ውስጥ የሚቀር ነገር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀች።

ምላሽ 21 ባለሙያዋ ፈጥና መለሰች፤ አመላለሷም ልብ የሚያሳርፍ ነበር። ከውጭ በሊናክ የሚሰጥ ጨረር የመጨረሻው ምት ሲያበቃ እዚያው ያበቃል፤ ሕመምተኛዋ ጨረር ይዛ አትወጣም፤ ልጅ ማቀፍም አብሮ መብላትም አይከለክልም። ኤሌክትሮኖቹ ከባድ ብረት ላይ ሲያርፉ ኤክስሬይ ይወለዳል፤ ማሽኑ ሲቆም ኤክስሬዩም የለም። ይህን ያነበበ ሁሉ ለጎረቤቱ ይንገር። ሰውን ከበሽታው በላይ የሚጎዳው እንዲህ ያለ መገለል ነው።

ምላሽ 22 የሉንዱ ልጅ ወደ ነገራችን መለሰን፤ ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው። ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በስዊዘርላንድ በፖል ሼረር ኢንስቲትዩት ያለው ሳይክሎትሮን፣ ቅንጣቶችን እያዞረ የሚያፈጥን ማሽን፣ ፕሮቶኖችን በ590 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ በየ20 ናኖ ሰከንዱ ጥቅል እያደረገ፣ ያለ ዕረፍት ይልካል፤ አማካይ ኃይሉ 1.3 ሜጋ ዋት ያህል ነው። በአሜሪካ በኦክ ሪጅ ያለው የኒውትሮን ማመንጫ ደግሞ በ1.4 ሜጋ ዋት ሲሠራ አማካይ ኃይሉ ከዚያኛው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በሰከንድ 60 ምት አድርጎ፣ እያንዳንዱን ምት ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያሳርፋል። አንዱ ምት 23 ኪሎ ጁል ይሸከማል። ፕሮቶኖቹ የሚያርፉበት ኢላማ ፈሳሽ ሜርኩሪ ነው። ሙቀቱ የሚደርሰው ሜርኩሪው ለመስፋት ጊዜ ሳያገኝ ስለሆነ ግፊት ይፈጠራል፤ የግፊቱ ማዕበል ሲመላለስ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይፈነዳሉ፤ የሚፈነዱትም የብረቱን ዕቃ ውስጣዊ ግድግዳ ይበሱታል። መፍትሔ ብለው የሂሊየም ጋዝ አረፋ ሆን ብለው ወደ ሜርኩሪው አስገቡ፤ ጋዙ ግፊቱን ይውጠዋል። በአማካይ ኃይል ብቻ ያሰበ ሰው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም።

ይኸው የኦክ ሪጅ ማሽን የእኔን ሁለት ሥራዎች በአንድ ላይ እንደሚያሳይም አከለ። አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል የሚረዝመውን ምት በመጀመሪያ በየአንድ ማይክሮ ሰከንዱ ትንሽ ክፍተት እየተወ ይቆርጠዋል፤ ቀጥሎ በቀለበት ውስጥ ሺህ ጊዜ ያህል እያዞረ አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል። የተቆረጠው ክፍተት ያስፈለገው ከቀለበቱ የሚያስወጣው መግነጢስ ጨረሩን ሳይመታ የሚነሣበት ጊዜ እንዲያገኝ ነው።

ምላሽ 23 አንድ ስሜቱ የተነካ ወጣት 23 ኪሎ ጁሉን ለ0.7 ማይክሮ ሰከንድ ሲያካፍል 33 ጊጋ ዋት አገኘ፤ ይህም ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ከስድስት እጥፍ በላይ ነው ብሎ በአድናቆት ጻፈ። ምላሽ 24 አድናቆቱን አቀዘቀዘው፤ 23 ኪሎ ጁል ማለት 6.4 ዋት ሰዓት ያህል እንደሆነ፣ ግድብ ቀንና ሌሊት የሚሰጠውን ከቅጽበት ጋር ማወዳደር ሰውን እንደሚያሳስት ጻፈ። ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፤ ግን ወጣቱ ያነሣው ቁጥር በሜርኩሪው ውስጥ አረፋ ለምን እንደሚፈነዳ ያስረዳል፤ የሁለተኛው ቁጥር አያስረዳም።

ምላሽ 25 ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሻካራው ነው። የመድኃኒት እጥረት ባለበት አገር ስለ ኦክ ሪጅ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ገባ። ምላሽ 26 የማስተርስ ተማሪው፤ ከበፊቱ ተሻሽሎ፣ ሆስፒታል ውስጥ ማሽኑን የሚለኩት ሰዎች ይህን ፊዚክስ ባያውቁ ሕመምተኛው የሚያገኘው መጠን ይሳሳታል ብሎ መለሰ። ሰውየው አልተመለሰም። ቅሬታው እውነት አለው፤ ግን መለኪያውን የሚያውቅ ሰው ማጣትም እንደ መድኃኒት እጥረት ይቆጠራል።

ምላሽ 27 ልጅቷ መጠቅለል ከመገፋፋት ሌላ ጥቅም ያለው ጠባይ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 28 የሉንዱ ልጅ አዎን አለ። ጥቅሉ ከሚያመነጨው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ካጠረ፣ ኤሌክትሮኖቹ በተናጠል መብራታቸውን ትተው እንደ አንድ ያበራሉ፤ የብርሃኑ ኃይል ከቁጥራቸው ጋር መመጣጠኑ ቀርቶ ከቁጥራቸው ካሬ ጋር ይመጣጠናል። አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ባለበት ጥቅል ይህ ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። በስታንፎርድ በ2009 ሥራ የጀመረው የኤክስሬይ ሌዘር ጥቅሉን በመግነጢስ እያጠማዘዘ፣ የጥቅሉን ጅረት በሺህ አምፔር እስከሚቆጠር ያጨቀዋል፤ ከዚያም በኋላ በረጅሙ የመግነጢስ ረድፍ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በራሳቸው ብርሃን እየተገፉ በኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት ልክ በቀጫጭን ንጣፍ ይደረደራሉ። ቀጣይ ጨረር በዚህ መንገድ አይሄድም።

ምላሽ 29 የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዋ ምላሽ 26ን አጠናከረች፤ ለመምህራን ልዩ ዋጋ ያለው ነው። የጨረር መጠን የሚለካው በአየር በተሞላ ትንሽ መያዣ፣ በአዮን ቻምበር ነው፤ ጨረሩ አየሩን ወደ አዮን ይቀይራል፤ በመያዣው ላይ የተጣለው ቮልቴጅ አዮኖቹን ይሰበስባል። መንገድ ላይ እርስ በርስ ተገናኝተው የጠፉት አይቆጠሩም። ኮባልት 60 የሚጠቀመው የቀድሞ ዓይነት ማሽን ጨረር ያለማቋረጥ ስለሚወጣ አዮኖቹም ያለማቋረጥ ይፈጠራሉ፣ ያለማቋረጥ ይለቀማሉ። በሊናክ ግን የምቱ አዮኖች ሁሉ በ4 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይወለዳሉ፤ ለመለቀም የሚወስድባቸው ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ መያዣው ውስጥ ታጉረው ስለሚገኙ የሚጠፉት ይበዛሉ። የመጥፋቱ ልክ የሚወሰነው በደቂቃ በተሰጠው መጠን ሳይሆን በአንድ ምት በተሰጠው መጠን ነው። ለዚህ ነው በሁለት ቮልቴጅ ለክተው የሚያርሙት፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ መመሪያም ለቀጣይና ለምት ጨረር የተለያየ ቀመር ያስቀመጠው። የአንዱን ቀመር ለሌላው የተጠቀመ ሰው ውጤቱ ይዛባል።

ምላሽ 30 ልጅቷ በደቂቃ 6 ግሬይ (ግሬይ አካል የዋጠው የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በሰከንድ 360 ምት ብላ አስልታ፣ በአንድ ምት 0.28 ሚሊ ግሬይ፣ በምቱ ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 70 ግሬይ ያህል የሚሆን ፍጥነት አወጣች። ምላሽ 31 የማስተርስ ተማሪው ይህን ይዞ ወደ ፍላሽ ሕክምና ሄደ። በ2014 በፈረንሳይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ መጠኑን በሰከንድ ከ40 ግሬይ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲሰጡ ጤናማው ሳንባ በተሻለ ሁኔታ እንደተረፈ፣ ዕጢው ግን እንደተመታ አሳይተዋል፤ በ2018 በሎዛን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በዚህ ዘዴ ታክሟል። እንግዲህ የእኛ ማሽን በምቱ ውስጥ 70 ከደረሰ ፍላሽ ነው ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 32 ባለሙያዋ አጥብቃ ተቃወመች። 40 ግሬይ በሰከንድ የሚባለው ምቶቹም በመካከላቸው ያለው ባዶ ጊዜም አንድ ላይ ተቆጥረው ነው፤ ሙሉው መጠን በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ማለቅ አለበት። የተለመደው ሊናክ ያን መጠን ለማድረስ ደቂቃ ይፈልጋል። ማሽኑን በስሌት ፍላሽ ብሎ መጥራት ሕመምተኛን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው አለች። ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

ምላሽ 33 ልጅቷ ጤናማው አካል ለምን እንደሚተርፍ ጠየቀች። ምላሽ 34 ሁለት ሐሳቦች እንደሚከራከሩ ባለሙያዋ አስረዳች። አንደኛው ጨረሩ በቅጽበት ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው ነው ይላል፤ ሁለተኛው በአንድ ላይ የተወለዱት ራዲካሎች፣ ጨረሩ የፈጠራቸው ንቁ ሞለኪውሎች፣ ሕዋሱን ከመጉዳታቸው በፊት እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ነው ይላል። የትኛውም ገና አልተረጋገጠም። በእንዲህ ያለ ምት አዮን ቻምበሩ የሚያጣው ስለሚበዛ፣ መጠኑን የሚለኩት በአብዛኛው የጨረሩ ፍጥነት በማይነካቸው ነገሮች፣ በፊልምና አላኒን በሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ጡረተኛው መምህር የአላኒኑን አለካክ ለብቻው በአዲስ ክር እንድታስረዳን ጠይቀዋታል።